ቀይ ላከር በድሬዳዋ ሙቀት፦ ቡፌው ላይ አንድ እጅ ይጨመርበት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ከኤምዲኤፍ (ከተጨቆነ የእንጨት ክር ገበታ) የተሠራ ቡፌና ባለ አራት በር ቁም ሳጥን በቀይ አንጸባራቂ ላከር ተቀብቷል። ከሩቅ ያምራል። የመስኮት ብርሃን በጎን ሲመታው ግን ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ጠርዞቹ ይሻክራሉ፤ ሁለት ወር ቆይቶ ደግሞ የቡፌው መጋጠሚያዎች ከቀለሙ ሥር መስመር ሠርተው ወጡ። ቀቢው "አንድ እጅ ልጨምርበትና ይስተካከላል" ብሏል። ይጨመርበት ወይስ ይፋቅ? በዚያውም ሐረር ጀጎል ያለውን የቤተሰብ ቤት ነደባ (ከፍ ተደርጎ የተሠራውን መቀመጫ) በዚሁ ቀይ ላከር ማስቀባት ይቻል እንደሆነ ተጠይቋል።

አይጨመርበት። አንጸባራቂ ቀለም የሥሩን ጉድለት አይሸፍንም፤ ያጎላዋል። አዲሱ እጅ የቀድሞውን ጉብታና ስርጉድ ተከትሎ ይተኛል፤ መጋጠሚያው ደግሞ ምክንያቱ ስላልተነካ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ሦስቱ ችግሮች የየራሳቸው መነሻ አላቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ደግነቱ የቁም ሳጥኑ በሮች መጋጠሚያ የሌላቸው ወጥ ገበታዎች ከሆኑ ሙሉ በሙሉ ሳይፋቁ የመዳን ዕድል አላቸው።

ማንኛውንም ነገር ከመጀመርዎ በፊት የተቀባው ምን እንደሆነ ይወቁ። ናይትሮና ፖሊዩረቴን ሁለቱም "ላከር" እየተባሉ ይሸጣሉ፤ አጠጋገናቸው ግን አይገናኝም። በበሩ ጀርባ፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ ጥጥ በናይትሮ ቲነር ነክረው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያስቀምጡበትና ይሹት። ቀለሙ ለስልሶ ጥጡ ላይ ከቀላ ናይትሮ ነው፤ ፊቱ ጠንካራ እንደሆነ ከቀረ ፖሊዩረቴን ነው። ናይትሮ የሚደርቀው ቲነሩ በኖ ስለሚያልቅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቲነር ሲያገኝ ምንጊዜም ተመልሶ ይሟሟል። ፖሊዩረቴን ግን ከሚደባለቅበት ማድረቂያ ጋር ኬሚካላዊ ውህደት ፈጥሮ ስለሚጠነክር አይመለስም። በናይትሮ ላይ ፖሊዩረቴን መርጨት አደገኛ ነው፤ የላይኛው ቲነር የታችኛውን አንስቶ ያጨማድደዋል። ናይትሮ ሆኖ ከተገኘ ወይ በናይትሮ ይቀጥሉ ወይ እስከ እንጨቱ ያስፍቁት።

አሁን ወደ ብርቱካን ልጣጩ። ከስፕሬይ ጋኑ የሚወጣው ቀለም ጥቃቅን ጠብታ ነው። ጠብታዎቹ ገበታው ላይ ካረፉ በኋላ ተገናኝተው፣ ተንጣለው አንድ ፊት ለመሆን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ያንን ጊዜ የሚሰጣቸው ቲነሩ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በዚህ ሙቀት ፈጣን ቲነር ግማሹ አየር ላይ እያለ ይተናል። ጠብታው ገበታው ላይ የሚያርፈው ወፍሮ ነው፤ ባረፈበት ቅርጽ ይደርቃል። ቀቢዎች ይህን ሲያዩ ቀለሙን የበለጠ ያቀጥኑታል፣ ግን በዚያው ፈጣን ቲነር፤ ያኔ ቀለሙ በቋሚ ገበታ ላይ ይንጠባጠባል፣ ልጣጩ ግን አይጠፋም። መጨመር ያለበት የቲነሩ ብዛት ሳይሆን ዘገምተኛነቱ ነው።

የልጣጩን ዓይነት ቀረብ ብሎ ማየትም ይጠቅማል። ጉብታዎቹ ሰፊና ክብ ከሆኑ ቀለሙ ወፍራም ነበር፣ ወይም የአየር ግፊቱ አንሶ ጠብታውን በደንብ አልበተነውም። ደቃቅና አሸዋማ ከሆነ፣ እጅም ሲዳብሰው ደረቅ ከሆነ፣ ጋኑ ርቆ ነበር ወይም ግፊቱ በዝቶ ጠብታው በመንገድ ደርቋል። በአንድ ዕቃ ላይ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ፤ ጠዋት የተረጨው በር ደህና ሆኖ ቀትር ላይ የተረጨው አሸዋማ ከሆነ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው።

በድሬዳዋ ላከር የሚረጨው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋሱም አቧራ አላነሣም። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ቢበርድም አምፖል ሲበራ ትንኝና የእሳት እራት እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋሉ። ገበታውም ቀለሙም ከሌሊቱ ጀምሮ ጥላ ውስጥ ይደር፤ በእጅ ጀርባ ሲነካ የሚሞቅ ገበታ ላይ አይረጭም። ቲነሩን ሲገዙ "ለሙቀት የሚሆን፣ ቀስ ብሎ የሚተን" ብለው ይጠይቁ። ካልተገኘ ከተለመደው ቲነር ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን በማዘግያ (ትነቱን በሚያዘገይ ፈሳሽ) ይተኩ፤ ከዚያ ካለፈ ቀለሙ ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

የቀለሙን ቅጥነት በዓይን መገመት አይበቃም። 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የመለኪያ ኩባያ ሞልቶ ሲለቀቅ ፈሳሹ ከ18 እስከ 22 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። የጋኑ አፍ ለፕራይመር (ከቀለሙ ሥር ለሚረጨው) 1.8፣ ለመጨረሻው ቀለም 1.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ግፊቱ ማስፈንጠሪያው ተይዞ ሲለካ ከ2 እስከ 2.5 ባር። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጋኑ ሁልጊዜ ለገበታው ቀጥ ያለ፤ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ። እጅን በቅስት ማወናጨፍ የተለመደ ጥፋት ነው፤ መሃሉ ሲረጥብ ዳርና ዳሩ ደረቅ ይሆናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አጥብቄ ላሳስብ። በፖሊዩረቴን ውስጥ የናይትሮ ቲነር መጨመር ርካሽ ስለሆነ ብቻ በሰፊው ይደረጋል። በናይትሮ ቲነር ውስጥ አልኮል አለ፤ አልኮሉ ማድረቂያውን ከቀለሙ ቀድሞ ይበላዋል። ውጤቱ ላዩ የደረቀ የሚመስል፣ ከወር በኋላ እንኳ ጥፍር የሚገባበት፣ ትኩስ ሲኒ ሲቀመጥበት ክብ ምልክት የሚይዝ ቡፌ ነው። የፖሊዩረቴን ቲነር ለብቻው ይገዛ። የማድረቂያው መጠንም እንደ ምርቱ ይለያያል፤ ሁለት ለአንድ አለ፣ አራት ለአንድ አለ፤ ጣሳው ላይ ከተጻፈው ዝንፍ አይባልም፣ በሚዛን ይለካ። ጣሳው ላይ ከተደባለቀ በኋላ ለአራት ሰዓት ያገለግላል ከተባለ፣ ያ ለ20 ዲግሪ ነው፤ በ30 ዲግሪ ግማሹን ይቁጠሩ። ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ እያሉ ማደባለቅ ይሻላል። የማድረቂያው ጣሳ ሁልጊዜ ይከደን፤ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ጋዝ ስለሚፈጥር ቀለሙ ላይ አረፋ ያስነሣል።

ጠርዙ ለምን ሻከረ? የኤምዲኤፍ ላይኛውና ታችኛው ፊት በፋብሪካ በደንብ ተጨቁኖ ጠጥሯል፤ መሃሉ ግን ልል ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ያ ልል ክፍል ቀለሙን ይጠጣል፣ ክሮቹም ይቆማሉ። በተጨማሪ ሹል ጠርዝ ላይ እርጥብ ቀለም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቀድሞ የሚሳሳውም የሚላጠውም እዚያ ነው። ስለዚህ አናጢው ጠርዙን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያድበልብለው፤ በቁጥር 180፣ ከዚያ በ240 ብርጭቆ ወረቀት ይሻግ፤ ጠርዙ ብቻ ቀጠን ባለ ፖሊዩረቴን ሲለር (ቀዳዳውን በሚደፍን ቅብ) ሁለት እጅ ይጠጣ፤ ሲደርቅ የቆሙት ክሮች በ240 ይቆረጡ፤ ፕራይመሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ኮላን በውሃ በጥብጦ ጠርዝ የሚቀባ አለ፤ ውሃው ክሩን ያሳብጠዋልና አልመክረውም። ውሃ የበዛበት ቀለምም በጥሬ ጠርዝ ላይ እንደዚያው ያደርጋል።

መጋጠሚያው ከሦስቱ ሁሉ ከባዱ ነው። ሁለት ገበታ በኮላ ተጣብቆ ወዲያው ከተሻገ፣ ኮላው ያስገባው ውሃ መጋጠሚያውን አሳብጦት እያለ ይስተካከላል፤ ሲደርቅ ይሰረጉዳል። ከተጣበቀ በኋላ ቢያንስ 2 ቀን ይቆይ። ሁለተኛው መነሻ ስቱኮው (ስንጥቅ መሙያው) ነው፤ የናይትሮ ስቱኮ ቲነሩ ለሳምንታት ቀስ እያለ ሲወጣ ይሸበሸባል፣ ላዩ ያለውን ቀለም ይዞ ይወርዳል። ለጋራዥ የሚሸጠው ባለ ማድረቂያ ፖሊስተር ስቱኮ ይሻላል፤ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ማድረቂያ በቂ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማድረቂያ ማብዛት በኋላ ቀለሙ ላይ እድፍ ያወጣል። ስስ ስስ እየተደረገ በሁለት ጊዜ ይሞላ፤ የብሎን ጭንቅላትም ከፊቱ 2 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ይሸፈን። ሦስተኛው መነሻ ችኮላ ነው፤ ፕራይመሩ ውስጡ ሳይደርቅ ተሽጎ ቀለም ሲጫንበት፣ የታፈነው ቲነር በኋላ ይወጣና ፊቱ ይሰምጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሁለት የተለያዩ ገበታዎች የሚገናኙበት መስመር ለዘላለም ይደበቃል ብዬ ቃል አልገባም፤ እንጨት ነክ ነገር ከክረምት እስከ በጋ ይነፋል፣ ይኮማተራል። ለቡፌው የምመርጠው መንገድ ሌላ ነው፤ አናጢው መጋጠሚያው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ቦይ ያውጣበት። ቦዩ አብሮ ተቀብቶ የዲዛይኑ መስመር ይሆናል፤ እንጨቱ ቢነቃነቅም አይታይም። ጥሩ የላከር ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች መጋጠሚያን ከመደበቅ ይልቅ በዚህ መልክ ማሳየትን ይመርጣሉ፤ ትክክል ናቸው።

ወደ ጥገናው እንሂድ፤ ቀለሙ ፖሊዩረቴን ነው ብለን እናስብ። የቁም ሳጥኑን በሮች በቁጥር 1000 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጠፍጣፋ ጎማ ላይ ጠቅልለው፣ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውሃ በጥቂት ቦታ ይሞክሩ። ዝቃጩ ነጭ ከሆነ ላዩ ላይ ክሊር (ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ቅብ) አለ፤ ቀይ ከሆነ በቀጥታ ቀለሙን እየቆረጡ ነው፣ ይጠንቀቁ። በደንብ የተረጨ አንድ እጅ ሲደርቅ 40 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ልጣጩን ለማስተካከል ከዚያ ግማሽ ያህሉ ሊሄድ ይችላል። ሁለት እጅና ከዚያ በላይ ካለበት ይበቃል። በ1000 ሲሻግ የስርጉዶቹ አንጸባራቂ ነጥቦች ሙሉ በሙሉ ጠፍተው ፊቱ ወጥ ፈዛዛ መሆን አለበት፤ ከዚያ 1500፣ 2000፣ ቢቻል 3000፤ በመጨረሻ ኮምፓውንድ (መወልወያ ቅባት) በሱፍ፣ ቀጥሎ በስፖንጅ፣ ማሽኑ በደቂቃ ከ1,500 ዙር ሳያልፍ። ጠርዝ ላይ ማሽን አይቆምም፤ በአንድ አፍታ ያቃጥለዋል። ጠርዙን በፕላስተር ሸፍነው በኋላ በእጅ ይወልውሉት። ኮምፓውንዱ ሲሊኮን የሌለበት ይሁን፤ ሲሊኮን የነካው ገበታ እንደገና ቢቀባ ቀለሙ የዓሣ ዓይን የሚመስል ጉድጓድ እያወጣ ይሸሻል፣ አንድ ጨርቅ ብቻ ሙሉ ወርክሾፕ ይበክላል።

ቡፌው ግን ከሥር ይሠራ። በ180 ከዚያ በ240 ጠፍጣፋ እስኪሆን ይሻግ፤ ቦዩ ይውጣ፣ ጠርዙ ሲለር ይጠጣ፤ ፕራይመር ሁለት እጅ፤ አንድ ሌሊት አድሮ በ320፣ ቀጥሎ በ400። እዚህ ላይ ጥቁር የቀለም ዱቄት በስሱ ነስንሰው ቢሽጉት ያልተነካው ጎድጓዳ ሁሉ ጠቁሮ ይታያል፤ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፣ መስታወት የሚያስመስለውም ይህ ነው። ከዚያ ቀዩ ሁለት እጅ። ቀይ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው፤ በነጭ ፕራይመር ላይ አራት እጅ ቢረጩም ሥሩ ያሳያል። ለደማቅ ቀይ ፕራይመሩ ራሱ ወደ ቀይ ይቅላ፤ ለጥቁር ቀይ ግራጫ ይሁን። ክሊር ሁለት እጅ ይከተል፤ ኋላ ሲወለወል ማሽኑ የሚበላው ክሊሩን እንጂ ቀዩን እንዳይሆን። በእጆች መካከል ያለው ቆይታ ጣሳው ላይ አለ፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ ግን በ600 ሳይሻግ ምንም አይረጭበት፤ ይላጣል። ውልወላው ከሳምንት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

መጠኑን ለመገመት፦ ቡፌው ከነበሮቹ ፊትና ጀርባ 12 ካሬ ሜትር ይሆናል ብንል፣ ፕራይመር በአንድ እጅ በካሬ 150 ግራም፣ ሁለት እጅ 3.6 ኪሎ ነው። ከጋን የሚወጣው ሁሉ ገበታው ላይ አያርፍም፤ 40 በመቶው በአየር ይጠፋል ብለው 6 ኪሎ ያስቡ። ቀዩ በካሬ 120 ግራም፣ በዚሁ ስሌት 4.8 ኪሎ፤ ክሊሩ ለፊት ለፊቱ 7 ካሬ ብቻ ከሆነ 3 ኪሎ ይበቃል። ሁሉም ከማድረቂያው ጋር ተደምሮ ነው። ቀዩ በአንድ ጊዜ፣ አንድ የምርት ቁጥር ካላቸው ጣሳዎች ተገዝቶ በአንድ ባልዲ ይቀላቀል፤ በኋላ የሚገዛው ጣሳ በጥቂቱም ቢሆን ይለያል። የበሩን ጀርባ ሳይቀቡ መተው ቁጠባ አይደለም፤ በአንድ ፊት ብቻ የታሸገ በር ይቆለመማል።

አቧራውን ለመቀነስ ከመርጨትዎ ከአንድ ሰዓት በፊት ወለሉ ላይ ውሃ ይርጩ፣ ግድግዳውን በፕላስቲክ ይጋርዱ፣ ገበታውን በተቻለ መጠን አጋድመው ይርጩ። የኮምፕሬሰሩ ታንክ በየማለዳው ውሃው ይፍሰስ፤ ከአየሩ ጋር የሚመጣ ውሃና ዘይት የብዙ ጉድጓድና አረፋ ምንጭ ነው። ግቢ ውስጥ የሚረጭ ከሆነ የቡና ከሰል፣ የዕጣን ማጨሻና የጋዝ ምድጃ ይጥፋ። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ ፍም ላይ ይደርሳል፤ የደረቀ የናይትሮ ብናኝም በቀላሉ ይቀጣጠላል። የፖሊዩረቴን ማድረቂያ ደግሞ አስም ያስይዛል፤ የጨርቅ ማስክ አይከላከለውም፣ ቀቢው የኬሚካል ትነት የሚይዝ ባለ ካርትሪጅ ማስክ ያድርግ፣ ልጆች ከግቢው ይውጡ። ይህን ቀቢው ቸል ቢል እንኳ እርስዎ አሠሪው ቸል አይበሉት።

ሥራው ሐረር ላይ ቢሆን ችግሩ ይገለበጣል። ደንገጎን ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት ወራት አየሩ እርጥብ ነው። ቲነሩ ሲተን ገበታውን ያቀዘቅዘዋል፤ በእርጥብ አየር ጤዛ ላዩ ላይ ይቋጥራል፣ ናይትሮውም ነጭ ጉም ይለብሳል። የአየር እርጥበት ከ75 በመቶ በላይ ሲሆን አይረጭም። ነጭ ካለም ፀሐያማ ቀን ጠብቆ ማዘግያ የበዛበት ቲነር በጣም ስስ አድርጎ ቢረጩበት ብዙ ጊዜ ይጠራል። "ላከር እርጥበት ይወዳል" የሚል ምክር የሰሙ ይኖራሉ፤ እሱ ከዛፍ ሙጫ ስለሚሠራው የጃፓንና የቻይና ላከር ነው፤ ያ በእርጥብ ሣጥን ውስጥ ይጠነክራል። እኛ ገበያ ላለው ጣሳ አይሆንም።

ነደባውን በላከር አያስቀቡ። የጀጎል ቤት ግድግዳና ነደባ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት የሚተነው በፊቱ በኩል ነው። አየር በማያሳልፍ ቀለም ሲታሸግ እርጥበቱ ጨው ይዞ ከሥር ይገፋል፣ ቀለሙ ይነፋል፣ ሲላጥ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ቀድሞ የዘይት ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ የናይትሮ ቲነር ያንን አንስቶ ያጨማድደዋል። የነደባው ቀይ ከቀይ አፈር የመጣ ቀይ ነው፤ ቦታው ላይ የሚበረክተውም እሱ ነው። በደንብ የበሰለ የኖራ ሊጥ በውሃ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ቀይ አፈር ወይም ቀይ ኦክሳይድ ከኖራው ደረቅ ክብደት ከ10 በመቶ ሳያልፍ ገብቶበት፣ ፊቱን ውሃ እያርከፈከፉ በየ24 ሰዓቱ አራት ስስ እጅ ይቀባ። መጠነኛ አንጸባራቂነት ካማረዎት ሞሮኮዎች ታደላክት የሚሉት አሠራር አለ፦ የመጨረሻው ስስ የኖራ ልስን ገና ሳይደርቅ፣ ጣት ሲነካው የማይለጠፍበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ቀጥሎ የወይራ ዘይት ሳሙና በውሃ ተበጥብጦ ይቀባና እንደገና ይታሻል። ሳሙናው ከኖራው ጋር ተዋህዶ ውሃ የማያስገባ ስስ ፊት ይሠራል፣ ትነቱን ግን አይዘጋም። መጀመሪያ በማይታይ ጥግ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላይ ይሞከር፤ የልስኑ ዕድሜና የኖራው ብስለት ውጤቱን ይለውጠዋል።

በዚያው ቤት ውስጥ ያለ አዲስ የእንጨት መደርደሪያ ወይም ሣጥን በላከር ቢቀባ ችግር የለውም። ቅርጽ የተቀረጸበት አሮጌ በር ካለ ግን ስፕሬይ ጋን አይጠጋው፤ ወፍራም ፊልም ቅርጹን ይሞላዋል፣ ለወደፊትም ሊነሣ አይችልም። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ፣ በአልኮል የቀጠነ ሸላክ የሚባል የእንጨት ማንጸባረቂያ በጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታሽ፤ ያስፈለገ ቀን በዚያው አልኮል ይነሣል።